ቅዳሴውና ጓዳው፦ ስለ ግኖስቲክ መንገድ ለጠየቃችሁን

ሰሞኑን በዚህ ዓምድ በተደጋጋሚ የተጠየቅነው ስለ ግኖስቲካውያን ነው፤ በተለይም ሥርዓት ባለው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እየኖሩ የግል መንፈሳዊ ሕይወትን እንዴት ማስኬድ እንደሚቻል። ግኖሲስ በግሪክ ዕውቀት ማለት ነው፤ ከመጽሐፍ የሚቀዳው ሳይሆን ሰው ወዳጁን "አውቀዋለሁ" ሲል የሚያስበው ዓይነት ዕውቀት። መዳን በዚህ ዕውቀት ነው የሚሉ ክርስቲያኖች በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በእስክንድርያና በሮም በርክተው ነበር። መጻሕፍታቸው ለረጅም ዘመን ጠፍተው ኖረው፣ ብዙዎቹ የተገኙት እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1945 በላይኛው ግብጽ፣ ናግ ሐማዲ አጠገብ፣ ከአንድ የሸክላ ጋን ውስጥ ነው፦ 13 ጥራዝ፣ 52 ድርሳን፣ ሁሉም በቅብጥኛ። የጠያቂዎቻችንን ስም አላወጣንም።

ሁለት ቤት እያደርኩ ነው

ጥያቄ፦ የምኖረው ሎስ አንጀለስ ነው። እሑድ ጠዋት ከባለቤቴና ከልጆቼ ጋር ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን አስቀድሳለሁ። ከሁለት ዓመት ወዲህ ግን የናግ ሐማዲን መጻሕፍት እያነበብኩ ልቤ ወደዚያ አዘነበለ። እዚሁ ከተማ ባለ የግኖስቲክ ቤተ ክርስቲያን ቅዳሴም ሁለት ጊዜ ተገኝቻለሁ። ቁርባኑን ለመጣው ሁሉ ይሰጣሉ፤ እኔ ግን ፈርቼ አልተቀበልኩም። የግድ መምረጥ አለብኝ? ለንስሐ አባቴስ ምን ልበላቸው?

መልስ፦ አለመቁረብዎ ልክ ነበር፤ ለምን እንደሆነ ትንሽ ቆይተን እንመጣበታለን።

የያዙት ጥያቄ የቆየ ነው። ቫለንቲኖስ የተባለው መምህር ከእስክንድርያ ወደ ሮም የመጣው እ.ኤ.አ. በ140 ገደማ ነው። ብዙዎቹ ተከታዮቹ ራሳቸውን እንደ ሌላ ሃይማኖት አይቆጥሩም ነበር። ከምእመኑ ጋር ቆመው ያንኑ ወንጌል ይሰማሉ፤ ከዚያ ለብቻቸው ተሰብስበው የሰሙትን ይፈታሉ። ሰምና ወርቅ ለለመደ ሰው ነገሩ ግልጽ ነው፤ ሰሙን ከጉባኤው ጋር ይቀበላሉ፣ ወርቁን በጓዳ ይፈልጋሉ። የሊዮኑ ኤጲስ ቆጶስ ቅዱስ ሄሬኔዎስ እ.ኤ.አ. በ180 አካባቢ የከሰሳቸው በዚሁ ነው፤ አነጋገራቸው የእኛን ይመስላል፣ ሐሳባቸው ግን ሌላ ነው አለ። እነሱም በተራቸው "እንደ እናንተው እየተናገርን ስለምን ከኅብረታችሁ ታርቁናላችሁ?" ብለው ያማርሩ እንደነበር ራሱ ጽፎልናል።

ዛሬ ብዙ ሰው ግኖስቲክ መሆንን ሥርዓት ከመጥላት ጋር ያምታታዋል። የፊልጶስ ወንጌል የሚባለው የቫለንቲናውያን ድርሳን ግን አምስት ምሥጢራትን በስም ይቆጥራል፦ ጥምቀት፣ ቅብዓት፣ ቁርባን፣ ቤዛነትና ጫጉላ። ስለ ቤዛነቱ አፈጻጸም እርስ በርሳቸው እንደማይስማሙ ሄሬኔዎስ ይነግረናል። ገሚሱ በውሃ ያጠምቃል፣ ገሚሱ ዘይትና ውሃ ቀላቅሎ በራስ ላይ ያፈሳል፣ ገሚሱ የጫጉላ ቤት ያዘጋጃል፤ ሌሎቹ ደግሞ የማይታየው ምሥጢር በሚታይ ነገር አይፈጸምም፣ ቤዛነት ማለት ዕውቀቱ ራሱ ነው ብለው ሁሉንም ይተዋሉ። በአንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ሁለቱም ወገን ነበረ ማለት ነው። ስለዚህ "እውነተኛ ግኖስቲክ ቤተ ክርስቲያን አይሄድም" የሚልዎትን አይስሙ።

አሁን ወደ እርስዎ ጉዳይ እንምጣ። ዝምታው፣ ተመስጦው፣ የልብ ጸሎቱ ከቤተ ክርስቲያንዎ ጋር አያጋጭዎትም፤ የገዳማቱ አባቶች ዕድሜ ልካቸውን የኖሩበት ነው። የሚያጋጭዎ አንዲት ሐረግ ናት። ጸሎተ ሃይማኖት ሲደርስ ከሕዝቡ ጋር "ነአምን በአሐዱ አምላክ... ገባሬ ሰማያት ወምድር" ይላሉ። እዚህ ላይ ቆም ይበሉ። ምሥጢረ ዮሐንስ በሚባለው የናግ ሐማዲ ድርሳን ይህን ዓለም የሠራው ያልዳባኦት ነው፤ ከበላዩ ያለውን የማያውቅ፣ "ከእኔ በቀር አምላክ የለም" የሚል ዕውር ገዥ። የቫለንቲኖስ ደቀ መዝሙር ጰጦሎሜዎስ ለፍሎራ በጻፈው ደብዳቤ ደግሞ ዓለሙን የሠራው ክፉ አይደለም፤ ፍጹሙ አምላክም አይደለም፣ በመካከል ያለ ጻድቅ ነው። በእነዚህ ሁለት አሳቦች መካከል ብዙ ርቀት አለ፤ ሁለቱም ከጸሎተ ሃይማኖቱ ይለያሉ። እርስዎ በትክክል የቱን ያምናሉ? ወይስ መጽሐፉን ወደዱት እንጂ ስለ ፈጣሪ ያለዎት እምነት አልተለወጠም? ይህን ለራስዎ በሁለት መስመር ሳይጽፉ ወደ ንስሐ አባትዎ አይሂዱ። ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ነው፤ በደንብ ያልለየውን ነገር ይዞ ሄዶ፣ የሆነውንም ያልሆነውንም ተናግሮ፣ ተወግዞ ይመለሳል።

ሲሄዱ "ያልዳባኦት" ከሚለው ስም አይጀምሩ። "አባቴ፣ እነዚህን መጻሕፍት እያነበብኩ ነው፤ ስለ ፍጥረት ያለኝ እምነት ላይ ጥያቄ አስነሥተውብኛል፤ እንዲህ እንዲህ ብዬ እጸልያለሁ" ብለው ይጀምሩ። አስቀድመው የወሰኑት ነገር ካለ ፈቃድ እንደሚጠይቅ ሰው አይቅረቡ፤ ውሳኔዎን በግልጽ ይንገሯቸው። ከእሳቸውም በፊት ባለቤትዎ ይስሙ። ልጆቹን በመጨረሻ።

ስለ ቁርባኑ፦ በሁለት ማዕድ አይቁረቡ። የግኖስቲኩ ቤተ ክርስቲያን ማንንም አይከለክል ይሆናል፤ በተዋሕዶ ዘንድ ግን መቁረብ "እምነቴ ከእናንተ ጋር አንድ ነው" ብሎ መመስከር ነው። እዚህም እዚያም ቢቀበሉ ከሁለቱ በአንዱ ፊት ቃልዎ እውነት አይሆንም። በሌላው ቤት አድማጭ ሆነው መቀመጥ ይችላሉ። ለውሳኔውም ቢያንስ ከፋሲካ እስከ ፋሲካ ይታገሡ፤ ጾሙንም በዓሉንም በአዲሱ ዓይንዎ አንድ ዙር ካላዩት የትኛውን እንደሚተዉ አያውቁትም።

ብቻዬን እንዴት ልጀምር?

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ የምኖር የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። የቶማስን ወንጌል ከኢንተርኔት አውርጄ በሁለት ቀን ጨረስኩት፤ ምንም አልያዝኩም። ማኅበር የሚባል ነገር ይከብደኛል። በቀን ምን ያህል ሰዓት ያስፈልጋል? ከምን ልጀምር?

መልስ፦ በሁለት ቀን ስለጨረስከው ነው ያልያዝከው። ከናግ ሐማዲ መጻሕፍት አንዱ የሆነው የቶማስ ወንጌል ታሪክ የለውም፤ 114 አባባሎች ናቸው። በቀን አንድ ብቻ ውሰድ፤ አራት ወር ሳይሞላ ታዳርሰዋለህ። በቀን 25 ደቂቃ ይበቃሃል፣ ሁልጊዜ በአንድ ሰዓትና በአንድ ቦታ። ከልጅነትህ የምታውቀውን አንድ ጸሎት፣ አቡነ ዘበሰማያትን ለምሳሌ፣ ረጋ ብለህ ድገም። የዕለቱን አባባል ድምፅህን አውጥተህ ሁለት ጊዜ አንብብ። ከዚያ መጽሐፉን ክደንና ልብህን የነካውን አንድ ቃል ይዘህ 15 ደቂቃ ዝም በል። ሐሳብህ ሲሄድ ወደዚያች ቃል ተመለስ፤ አትቆጣ። በመጨረሻ በደብተርህ ሦስት መስመር ጻፍ፦ የያዘኝ ቃል፣ ያልተዋጠልኝ ነገር፣ ዛሬ የማደርገው አንድ ነገር። ሦስተኛዋን መስመር የሚዘል ሰው ከወር በኋላ ብዙ ሐሳብ ይኖረዋል፣ ኑሮው ግን እንደነበረ ነው።

ደስ ያሉህን አባባሎች ብቻ እየመረጥክ አትዝለል። እንጨቱን ሰንጥቅ፣ ድንጋዩን አንሣ፣ እኔ እዚያ ነኝ የሚለውን 77ኛውን ሁሉም ይወደዋል። ማርያምን ወንድ ስለማድረግ የሚናገረው 114ኛው ግን ብዙዎችን ያስቀይማል። ዘለህ አትለፈው፤ የዘመኑ ጸሐፊዎች "ወንድ" ሲሉ ብዙ ጊዜ መንፈሳዊውንና ፍጹሙን በምሳሌ ማለታቸው እንደሆነ ይዘህ ተቀመጥበት።

ግማሽ ያህሉ አባባሎች ማቴዎስና ሉቃስ ውስጥ አምሳያ አላቸው፤ ባገኘኸው ጊዜ ጎን ለጎን አንብብ፣ ልዩነቱ ራሱ ያስተምራል። ከቅብጥኛው ሌላ በግብጽ ኦክሲርንኩስ የተገኙ የግሪክ ቁርጥራጮችም አሉ። 2ኛው አባባል በቅብጥኛው የሚፈልግ ሰው እስኪያገኝ ይፈልግ፣ ሲያገኝ ይታወካል፣ ይደነቃል፣ በሁሉም ላይ ይነግሣል ይላል። በግሪኩ ግን ከነገሠ በኋላ ያርፋል። አንዲት ቃል ናት፤ ዕረፍትን ተስፋ አድርጎ የሚጸልይና ንግሥናን ተስፋ አድርጎ የሚጸልይ ሰው ግን ጸሎታቸው አንድ አይሆንም።

አንድ የንባብ ስሕተት ብዙ ጊዜ እናያለን። ትርጉሞቹ ውስጥ አራት ማዕዘን ቅንፍ ታገኛለህ። እዚያ ላይ ብራናው ወይም ፓፒሩሱ ተበልቷል፤ በቅንፉ ውስጥ ያለው ቃል የሊቃውንት ግምት ነው። በዚያች የግምት ቃል ላይ ትምህርት የሚገነቡ ሰዎች አሉ። በመግደላዊት ማርያም ስም የሚጠራው የማርያም ወንጌል ላይ ደግሞ የበለጠ ተጠንቀቅ፤ በቅብጥኛው ቅጂ የመጀመሪያዎቹ 6 ገጾችና ከመሀል 4 ገጾች የሉም። "ድንገት ይጀምራል፣ ይህ ምሥጢር ነው" ሲሉህ፣ የሚጀምረው ገጽ 7 ላይ ስለሆነ ነው።

ማኅበር እንደሚከብድህ ገብቶናል፤ ነገር ግን ፈጽሞ ብቻህን አትሁን። የሚያርምህ ሰው ከሌለ የመጣልህ ሐሳብ ሁሉ መገለጥ ይመስልሃል። የጽዋ ማኅበርን ቅርጽ ታውቃለህ፦ ወር በገባ በአንድ ቀን፣ በተራ በየቤቱ። ከሦስት እስከ አምስት ሆናችሁ በዚያው መልክ ተገናኙ፤ መጀመሪያ ንባብ፣ ቀጥሎ ዝምታ፣ ከዚያ እያንዳንዱ ከደብተሩ አንድ ነገር ያንብብ፣ ማዕድ በመጨረሻ። አስተማሪ አይኑር። አንዱ ሁልጊዜ የሚናገር፣ ሌላው ሁልጊዜ የሚሰማ ሆኖ ካገኛችሁት የንባቡን ተራ በዕጣ አድርጉት። ቁርባን በቤታችሁ ለመሥራት ግን አትሞክሩ፤ ዳቦውን ባርኮ በፍቅር መቁረስ ይበቃችኋል።

ማንዳዊ ጎረቤቴ

ጥያቄ፦ ስዊድን ነው የምኖረው። ኢራቃዊ ጎረቤቴ ማንዳዊ ነው፤ እሑድ ነጭ ለብሶ ወንዝ ሲጠመቅ አይቻለሁ። እነዚህ የቀሩት ግኖስቲኮች ናቸው አሉኝ። እኔስ ልጠመቅ እችላለሁ?

መልስ፦ አይችሉም። ማንዳዊነት በትውልድ ነው፤ ከውጭ አይቀበሉም። ቢጠይቁት ጎረቤትዎን ያስጨንቁታል፤ ስለ ሥርዓቱ ቢጠይቁት ግን ደስ ይለው ይሆናል።

ማንዳ በቋንቋቸው ዕውቀት ማለት ነው፤ ከጥንቱ የግኖስቲክ ዓለም ሳይቋረጥ የቀጠለው ማኅበረሰብ የእነሱ ነው፣ መሠረቱም በደቡብ ኢራቅና በኢራን ነው። የግል ዕውቀት ሥርዓትን ያስቀራል የሚል ሰው የእነሱን ጥምቀት፣ ማስቡታን፣ ይመልከት። ውሃው ወራጅ መሆን አለበት፤ ያርድና ይሉታል፣ ዮርዳኖስ እንደማለት። ነጩ ልብስ ራስታ ይባላል (እኛ ከምናውቀው ራስታ ጋር አይገናኝም)። ተጠማቂው ወርዶ ራሱን ሦስት ጊዜ ያጠልቃል፤ ካህኑ ደግሞ ሦስት ጊዜ ያጠልቀዋል፣ ግንባሩን በውሃ ሦስት ጊዜ ያትመዋል፣ ከወንዙ በመዳፉ ሦስት ጊዜ ያጠጣዋል። ከዚያ የአደስ ቅጠል ጉንጉን በራሱ ላይ ያደርግለታል። ጉንጉኗ ክሊላ ትባላለች፤ በግእዙ አክሊል ከምንለው ጋር የቃል ዘመድ ናት። ከወንዙ ሲወጣ ግንባሩ በሰሊጥ ዘይት ይቀባል፣ ፒህታ የተባለ ትንሽ ቂጣና ማምቡሃ የተባለ ውሃ ይቀበላል፣ ከካህኑም ጋር እጅ ለእጅ ይያያዛል፤ ይህ መጨባበጥ ኩሽታ ነው፣ እውነት ማለት። ጥምቀቱ አንድ ጊዜ ብቻ አይደለም፤ በሕይወት ዘመን ደጋግሞ ይፈጸማል።

ዓመታቸው 12 ወር፣ እያንዳንዱም 30 ቀን ነው፤ የተረፉት 5 ቀናት የብርሃን ቀናት ናቸው፣ ብዙ ሰውም ያኔ ይጠመቃል። ጳጉሜ ሩፋኤል ዝናብ ሲጥል ወጥቶ የሚጠመቅ ሕዝብ ይህን ሲሰማ አይደንቀውም። አንዱ ከሌላው ወሰደ ለማለት ግን ማስረጃ የለም።

ችግራቸው ስደቱ ነው። ካህናቱ ጥቂት ናቸው፣ ካህን ከሌለ ጥምቀት የለም፤ የስዊድን ወንዝ ደግሞ በክረምት ይቀዘቅዛል። ደቡብ ስዊድን ውስጥ የራሳቸውን የጥምቀት ቤት የሠሩት በዚህ ምክንያት ጭምር ነው።

ሄኖክ ግኖስቲክ ነው?

ጥያቄ፦ ኢትዮጵያ የግኖስቲኮችን መጽሐፍ ደብቃ አቆይታለች፣ እሱም መጽሐፈ ሄኖክ ነው የሚል ትምህርት ሰማሁ። እውነት ነው?

መልስ፦ አይደለም። መጽሐፈ ሄኖክ ከግኖስቲካውያን በፊት የተጻፈ የአይሁድ መጽሐፍ ነው፤ ከቁምራን ዋሻዎች የአረማይክ ቁርጥራጮቹ ተገኝተዋል፣ ሙሉው ግን በግእዝ ብቻ ነው ያለው። የተደበቀም አልነበረም፤ ከ81ዱ መጻሕፍት አንዱ ነው። አሳቡም ተቃራኒ ነው ማለት ይቻላል። በሄኖክ ዘንድ ፍጥረት የፈጣሪውን ትእዛዝ ይጠብቃል፤ ከሰማይ የወረዱት ትጉሃን ለሰው የገለጡት ምሥጢር ደግሞ የጥፋት ምንጭ ነው። ሰይፍ መሥራቱን፣ ኩሉን፣ ሥራይ ማድረጉን ያስተማሩት እነሱ ናቸው።

መደናገሩ ከየት መጣ ቢሉ፣ እውነተኛ ግንኙነት ስላለ ነው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ ጎንደር ከርሞ ሲመለስ እ.ኤ.አ. በ1773 ሦስት የሄኖክ ቅጂዎች ወደ አውሮፓ አስገብቷል። ያው ሰው በላይኛው ግብጽ የገዛው የቅብጥኛ ጥራዝ ደግሞ የግኖስቲካውያን የዬው መጻሕፍት ናቸው፤ ዛሬ በኦክስፎርድ በእሱ ስም ይጠራሉ። ፒስቲስ ሶፊያ የሚባለው ድርሳን እነዚህን የዬው መጻሕፍት የጻፋቸው ሄኖክ ነው፣ በገነት ሳለ፣ ይላል። ግኖስቲካውያን ስሙን አክብረው ወስደውታል፤ መጽሐፉን ግን አልጻፉትም።

የዬው መጻሕፍት ነፍስ በየሰማዩ ደጅ ስታልፍ የምታሳየውን ማኅተምና የምትጠራውን ስም ይዘረዝራሉ። ልፋፈ ጽድቅን ያየ ሰው መመሳሰሉ ይታየዋል። ስም መጥራትን እንደ ቁልፍ መቁጠር በሁለቱም ያለ ፈተና ነው፤ ስሞቹን ቀድቶ በአንገቱ ያሠረ ሰው ዕውቀቱን ያገኘ ይመስለዋል።

ክህነት በኢንተርኔት

ጥያቄ፦ አንድ "ግኖስቲክ ጳጳስ" በኢንተርኔት ተዋውቆኝ፣ ገንዘብ ከላክሁ በሦስት ወር ሐዋርያዊ ክህነት እንደሚሰጠኝ ነገረኝ። ልመነው?

መልስ፦ ገንዘቡን አይላኩ። የዘመናችን ግኖስቲክ ቤተ ክርስቲያናት ታሪክ የሚጀምረው ከፈረንሳይ ነው። ዥዩል ዱዋኔል የተባለ የኦርሌያን ከተማ መዝገብ ቤት ሠራተኛ እ.ኤ.አ. በ1890 በራእይ ተሹሜያለሁ ብሎ የመጀመሪያዋን መሠረታት። ራእዩ ግን ለተከታዮቹ አልበቃቸውም። ከተተኪዎቹ አንዱ ዣን ብሪኮ እ.ኤ.አ. በ1913 በእጅ መጫን የሚተላለፍ ሹመት ፈልጎ ተቀበለ። ያ ሐረግ ወደ ኋላ ሲቆጠር እ.ኤ.አ. በ1892 ስሪላንካ ውስጥ ኮሎምቦ ላይ ጳጳስ ሆኖ ወደተሾመው ጆሴፍ ሬኔ ቪላት ይደርሳል፤ ከእሱም ወደ አንጾኪያ የሶርያ መንበር፣ የተዋሕዶ እህት ወደሆነችው። መንበሩ ግን በኋላ ከዚህ ሐረግ ጋር ግንኙነት እንደሌለው አሳውቋል። ስለዚህ "ሐዋርያዊ ሐረግ አለኝ" ማለት ብቻውን ምንም አያረጋግጥም፤ በወረቀት ላይ ሐረግ ያላቸው፣ መንጋ የሌላቸው ጳጳሳት ብዙ ናቸው።

ሦስት ነገር ይጠይቁት። በየሳምንቱ ስንት ሰው የሚገኝበትን ቅዳሴ፣ የት ትቀድሳለህ? የሾምካቸው ከመሾማቸው በፊት ስንት ዓመት አገለገሉ? የሚቆጣጠርህ ማን ነው? በሎስ አንጀለስ ያለችው ኤክሌሲያ ግኖስቲካ ለምሳሌ ዕጩውን ከበር ጠባቂነትና ከአንባቢነት ጀምራ በደረጃ ወደ ዲቁናና ቅስና ታደርሰዋለች። ሦስቱን ጥያቄዎች ሰምቶ የተቆጣ ሰው መልሱን ሰጥቶዎታል።

እንቅልፍ አጣሁ

ጥያቄ፦ ዱባይ በቤት ሠራተኝነት ነው የምኖረው። ሥጋ የነፍስ እስር ቤት ነው የሚለውን አንብቤ፣ ምግብ በቀን አንድ ጊዜ አደረግሁ፤ ሌሊት ሦስት ሰዓት ብቻ እየተኛሁ እጸልያለሁ። አሁን ድምፅ እሰማለሁ፤ ሰዎቹም አስጠሉኝ። እየነቃሁ ይሆን?

መልስ፦ እህታችን፣ ቀኑን ሙሉ በጉልበቷ የምትሠራ ሰው በሦስት ሰዓት እንቅልፍና በአንድ ምግብ ከቆየች ድምፅ መስማቷ አይገርምም፤ የደከመ አእምሮ ነው። ሥጋን እስር ቤት ያለው ምሥጢረ ዮሐንስ ነው፤ እዚያው ገነው የሚታዩት ግን የሰውነትን ክፍል በክፍል የሚቆጥሩ ረጅም ዝርዝሮች ናቸው፣ አመጋገብን የሚያዝ ምዕራፍ የለውም። ሌሎቹ መጻሕፍትም በዚህ አንድ ቃል አይደሉም።

ከዛሬ ማታ ጀምሮ የሌሊቱን ጸሎት ተዪው። ቢያንስ ሰባት ሰዓት ተኚ፤ ጠዋት፣ ቀንና ማታ ብዪ። ድምፁ ከጥቂት ቀን እንቅልፍ በኋላም ካልተወሽ፣ ወይም ራስሽን እንድትጎጂ ካዘዘሽ፣ አንድ ቀን ሳታድሪ ሐኪም ዘንድ ሂጂ፤ የምታምኚያት የአገርሽ ልጅ አብራሽ ትሂድ፣ ሁሉንም ንገሪያት። መጽሐፉን ለአንድ ወር እሷ ዘንድ አስቀምጪ። ስትመለሺ በቀን ብርሃን፣ ዓይንሽን ገልጠሽ፣ ከአሥር ደቂቃ ሳታስበልጪ ጀምሪ፤ የምታነቢውንም ሳምንት በሳምንት ለእሷ ንገሪያት።